ዛፎቹን የሚያሰልፈው ፕሮግራም

ኮምፒዩተሩ ዲላ የደረሰው በቡና ጫኝ መኪና ላይ፣ በባዶ ጆንያ ተጠቅልሎ ነው። ሹፌሩ ቡናውን አዲስ አበባ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ እግረ መንገዱን ይዞት መጣ። ስናወርደው ከካርቶኑ ክዳን ላይ የቡና ገለባ ረገፈ። ኃላፊያችን በመሐረባቸው ጠራረጉና "ይህ የመንግሥት ንብረት ነው" አሉ። ከዚያ በኋላም በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ይህንኑ ይሉ ነበር።

የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበሩ። እኔ በስታቲስቲክስ ተመርቄ የተወለድኩበት ከተማ የተመደብኩ ወጣት ነበርኩ። አባቴ በልጅነቱ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ያደግኩት ባንኮኒ ሥር በመሆኑ የማውቀው ጌዴኦኛ ሳሙናና ጨው ለመሸጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር። የተመደብኩበትን ቦታ ስነግረው አባቴ ደስ አለው። "ስኳሩ በቀበሌ፣ ዘይቱ በቀበሌ፤ ለሱቅ ምን ቀረው? አንቺ እንኳ የመንግሥት ደሞዝ ብዪ" አለኝ።

መሥሪያ ቤታችን የቡና በሽታ የሚከታተል ትንሽ ቅርንጫፍ ነበር። በሽታው ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረውና ያረግፈዋል። አንዱን ማሳ ጠራርጎ ሲበላ ጎረቤቱ ያለ አንዳንድ ዛፍ ግን ምንም ሳይሆን ይቀራል። የእኛ ሥራ እነዚያን የማይበገሩ ዛፎች ከየገበሬው ጓሮ መፈለግ ነበር። ባለሙያዎቹ እየዞሩ ዛፉን ያዩና ነጥብ ይሰጡታል፤ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ግንዱ ላይ ይቸነክራሉ። እኔ ደግሞ ነጥቡን ወደ ኮምፒዩተሩ አስገብቼ ዛፎቹን ከጠንካራው እስከ ደካማው አሰልፋለሁ። ከሰልፉ ራስ ያሉት ለዘር ይመረጣሉ። ከወረዱት ላይ ዘር አይለቀምም።

በመጀመሪያው ዓመት ዛፎቹ ጥቂት ስለነበሩ ሥራው ያለ ችግር አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ባለሙያዎቹ በፊት ጥቂት ዛፍ ብቻ ያዩባቸውን ሩቅ መንደሮች፣ ከይርጋጨፌ አልፎ እስከ ኮቸሬ ያሉትን፣ አዳረሱ። ዛፎቹ በዙ። ያን ዓመት ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን የናፍጣ ኮታ ተቀነሰ። የከተማው መብራት ቀን ላይ የማይታመን ስለነበር ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በራሳችን ጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተሩም እንግዲህ ከምሳ በኋላ ተነሥቶ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ይጠፋል ተባለ። "ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ የለም" አሉ ኃላፊያችን።

ዛፎቹን እንዲያሰልፍ አዝዤው ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጄኔሬተሩ ድምፅ ሞተ፤ ስክሪኑም ጠቆረ። በማግሥቱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደገና በዚያው ሰዓት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ሳለ መሐንዲሱ ገባ።

መሐንዲሱ የምንለው የጄኔሬተሩን፣ የሬዲዮውንና የመለኪያ መሣሪያዎቹን ጥገና የያዘውን ባልደረባዬን ነበር። ከኮቸሬ የወጣ የጌዴኦ ልጅ ነው። መንግሥት ጀርመን ልኮ ኤሌክትሮኒክስ አስተምሮታል። በእድሜ ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን ቶሎ አያቆምም።

"አልጨረሰም?" አለኝ።

"አልጨረሰም። ናፍጣው ነው እንጂ የሚያልቀው ሥራውስ አላለቀም።"

"ማሰለፊያው የራስሽ ሥራ ነው?"

"አይደለም፤ ከፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ጋር ተዘጋጅቶ የመጣ ሞጁል ነው። እኔ ስሙን ብቻ ነው የምጠራው።"

ሞጁሉ፣ ማለትም ያ የፕሮግራሙ ቁራጭ፣ የተጻፈበትን ገጽ ከመመሪያው መጽሐፍ አውጥቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ራሱ በዚያው ቋንቋ ነዋ የተጻፈው! ማሽኑ ይሄን ቋንቋ አያውቀውም እኮ። ውስጡ አስተርጓሚ አለው። እያንዳንዱን መስመር ባየ ቁጥር አስተርጓሚው ይተረጉምለታል። ያንኑ መስመር ተመልሶ ሲያገኘው ደግሞ እንደ አዲስ ያስተረጉማል። ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚ ሲጠየቅ ሰው አይተሽ አታውቂም? አንድ ቃል ለመመለስ ግማሽ ቀን ነው።"

"ታዲያ ምን ይደረግ?"

"አስተርጓሚውን እናስወጣው። ይሄን ሞጁል ብቻ በማሽኑ በራሱ ቋንቋ እንጻፈው።"

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የማሽን ቋንቋ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰው አይጽፈውም ብለውን ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀ። "እኔ የኖርኩበት አገር ሰው ይጽፈዋል" አለኝ። ቤቱ ሄዶም ጫፍ ጫፉ የተላጠ በጀርመንኛ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ማሰቢያ ክፍል የሚያውቃቸው ትእዛዞች በሙሉ በቁጥር በቁጥራቸው ተዘርዝረው ነበር።

ኃላፊያችን ፈቃድ ለመስጠት አመነቱ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሲወድቅ ያዩ፣ ከግድግዳ ጥግ ጥጉን መሄድ የለመዱ ሰው ነበሩ።

"የመጣው ሞጁል ይሠራል አይደል?" አሉን።

"ይሠራል፤ ግን አይጨርስም" አልኳቸው።

"ብታበላሹትስ?"

"ማሽኑን አንነካውም፣ ጓድ ኃላፊ" አለ መሐንዲሱ። "የምንጽፈው መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። ቢበላሽ እንደገና ማስነሣት ነው።"

ወደ ማሽኑ አዩ፣ ወደ እኛ አዩ። "እንግዲህ የመንግሥት ንብረት ነው" አሉና ወጡ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ሥራውን ተካፈልን። የማሰለፊያውን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የድሮው ሞጁል ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ እያወዳደረ ያንኑ ሰልፍ ደጋግሞ የሚመላለስ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት የማስታውሰው ሌላ ዘዴ መጀመሪያ ራቅ ራቅ ያሉትን ያወዳድርና ቦታ ያቀያይራል፤ ከዚያ ርቀቱን እያጠበበ ይመጣል፤ ጎን ለጎን ያሉት ላይ ሲደርስ ሰልፉ አብዛኛው ተስተካክሎ ይጠብቀዋል። መሐንዲሱ ደግሞ እኔ በአማርኛ የምነግረውን ወደ ማሽኑ ትእዛዝ ይለውጣል። "ይህን አንሣ" ስለው መጽሐፉን ይገልጥና ቁጥሩን ይጽፋል። "ከዚያኛው ጋር አወዳድር" ስለው ሌላ ቁጥር። "ካነሰ እዚህ ድረስ ዝለል" ስለው ግን ይቆማል፤ ስንት ቦታ እንደሚዘለል በጣቱ ወረቀቱ ላይ እየነካ መቁጠር አለበት።

ቁጥሩ በአሥር የሚቆጠር አይደለም፤ በአሥራ ስድስት ነው። ከዘጠኝ በኋላ አሥር አይባልም፣ የፈረንጅ ፊደል ይገባል። እኔ በልጅነቴ የሱቅ ሂሳብ የለመድኩ ነኝ፤ ይህን ለመልመድ ግን ጣቶቼ እንኳ አልተባበሩኝም። ቤት ውስጥ ሰሃን እያጠብኩ "ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ኤ፣ ቢ" ስል እናቴ ሰምታ ተቆጣች።

የእሷ ቁጣ ግን ለሌላ ነገር ነበር። "እናንተ ሁለታችሁ ያንን ክፍል ዘግታችሁ ምንድነው የምትሠሩት?" አለችኝ።

"ቁጥር እንጽፋለን።"

"ቁጥር ለመጻፍ በር ይዘጋል?"

"አቧራ ማሽኑን እንዳይጎዳው ነው፣ እማዬ።"

"ይህንን እንግዲህ ለቀበሌው ሴቶች አንቺው ሄደሽ አስረጃቸው።"

በማግሥቱ ምሳ ይዛልኝ መሥሪያ ቤት መጣች። ምሳ ይዛልኝ መጥታ አታውቅም። መሐንዲሱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እናቴ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ስክሪኑን አየች። እኛ "አርባ ሁለት ላይ ተመለስ፤ የለም፣ አርባ አንድ ላይ ነው" እያልን ስንከራከር ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ "እሱስ ምስኪን ነው" አለችኝ፤ "ያገባው ቁጥሩን ነው።" ከዚያ በኋላ ስለ በሩ አላነሣችም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ስናደርግ ማሽኑ አበደ። የጻፍነውን ቁጥር አንድ በአንድ አስገብተን፣ አስነሣነው። ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ትርጉም በሌለው ምልክት ተሞላ፤ ከዚያ ድርቅ አለ። ቁልፎቹን ብነካ፣ ብመታ አይሰማም። እኔ ደነገጥኩ። ኃላፊያችን በሩ ላይ የደረሱ ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

"ሞተ?" አልኩ።

"አልሞተም። የዝላዩን ቁጥር አንድ አሳስቼ ይሆናል። ትእዛዙ ሲያልቅ ማቆም ሲገባው የዛፎቹን ነጥብ እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ እየፈጸመው ነው።" መሐንዲሱ ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና አበራው። "እኛ ሰዎቹ የምንሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ እንደዚህ ሳይጠይቅ ነው የሚፈጽመው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።"

ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ያን ሰሞን ኮቸሬ ውስጥ ወዳለችው ሬኮ ሄደን የአንዳንድ ዛፎችን ቁጥር እንድናጣራ ተላክን። ቆርቆሮዎቹ ዝገው የማይነበቡ ነበሩ። መሐንዲሱ ቋንቋውን ስለሚያውቅ አብሮኝ እንዲሄድ ተደረገ። ወረቀቶቻችንን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ይዣለሁ፤ መንገድ ላይ ስህተቱን እንፈልጋለን ብለን። ሬኮ ላይ ሥራችንን ጨርሰን ስንመለስ ኬላ ላይ አስቆሙን።

ኬላው የሚፈትሸው በስውር የሚወጣ ቡና ነበር። የእኛ ላንድሮቨር የመንግሥት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ያሳልፉናል። ያን ቀን ግን አዲስ የኬላ አዛዥ መጥቷል። ቦርሳዬን ከፈተ፤ ወረቀቶቹን አወጣ። ከላይ እስከ ታች ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተደባለቀበት፣ አንዱ ከአንዱ የማይገናኝ። ከሥሩ ደግሞ የጀርመንኛው መጽሐፍ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፕሮግራም ነው" አልኩ።

"የምን ፕሮግራም?"

"የኮምፒዩተር። የቡና ዛፎችን የሚያሰልፍ።"

"ዛፍ ይሰለፋል?"

ከኋላው የቆሙት አብዮት ጠባቂዎች ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። "ይሄ የሬዲዮ ምስጢር ነው" አለ። "ቁጥርና ፊደል ቀላቅሎ የሚልከው ማን እንደሆነ እናውቃለን።" ወደ መሐንዲሱ ዞረ። "አንተስ የት ነው የተማርከው?"

መሐንዲሱ ዓይኑን ከጀርመንኛው መጽሐፍ ላይ አላነሣም። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ወረቀት ይዞ መገኘት ሰው ምን ላይ እንደጣለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከእኔ ክፍል ተወስደው ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ። ሹፌራችን ሲጋራውን ጥሎ ረገጠውና ከመኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። ተቀመጡ ተባልን፤ ኬላው ዳር ያለ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነበር፤ ጥላው እስኪረዝም ድረስ ማንም አላናገረንም። አዛዡ ወረቀቶቹን እያገላበጠ ያያል፤ ስልክ ወዳለበት ሰው መላክ አስቧል።

እኔ ያን ጊዜ የት እንዳገኘሁት የማላውቀው ድፍረት መጣብኝ። ተነሥቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

"ጓድ፣ ምስጢር ቢሆን ኖሮ አላነብልዎትም ነበር። ላንብብልዎት?"

"አንብቢ።"

"እንደዚሁ ቢነበብ አይገባም። ሰዎቹን ይስጡኝና ሲሠራ ያዩታል።"

አሰበ። ጠባቂዎቹም ሥራ ፈተው ቆመዋል። "ሂዱ፣ ተሰለፉ" አላቸው። ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ፤ እንደ ፍላጎታቸው ተደርድረው ቆሙ። አንዱን ወረቀት ከእጁ ተቀብዬ ፊታቸው ቆምኩና ቁጥሩን እያየሁ በአማርኛ ማንበብ ጀመርኩ። "የመጀመሪያውን አንሣ። ከአራተኛው ጋር አወዳድር። የመጀመሪያው ከረዘመ ቦታ ይለዋወጡ።" ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተለካኩና ቦታ ተለዋወጡ። "ሁለተኛውን ከአምስተኛው ጋር አወዳድር። ካልበለጠ ዝለል።" መሐንዲሱም ነፍሱ መለስ አለና ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፤ ስሳሳት ያርመኛል። ርቀቱን አጠበብን፤ ጎን ለጎን ደረስን። ሲያልቅ ጠባቂዎቹ ከአጭር እስከ ረጅም እንደ ደረጃ ተደርድረው ቆመዋል። ሹፌራችን አጨበጨበ።

አዛዡ በሰልፉ ፊት አለፈ፤ ከዳር እስከ ዳር አየ። "ይሄው ነው?" አለ።

"ይሄው ነው። እርስዎ በያዙት ወረቀቶች ላይም ከዚህ ሌላ የለም።"

በዚህ መካከል ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ጺማም ሰው፣ ከቦታው ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ። "እኔ ግን አልተስማማኝም" አለ። "እኔና እሱ እኩል ነን፤ ሁሌም እኩል ነን። ስንቆም ከእሱ ቀድሜ ነበር የቆምኩት። አሁን ለምን ከኋላው ሄድኩ? ካልበለጠኝ ማን አሳለፈው?"

አዛዡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "በል ክሱን ለማሽኑ አቅርብ!" አለው። ወረቀቶቹን መለሰልኝ፤ መጽሐፉን ግን ትንሽ አገላበጠና "ሥዕል እንኳ የለውም" ብሎ ለመሐንዲሱ ሰጠው። መንገዱን የዘጋው አግዳሚ ግንድ ተነሣልን።

 ይርጋጨፌን እንዳለፍን መሐንዲሱ መሳቅ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ማልቀስ። ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ውሃ ሰጠኝ። ዱመርሶ አካባቢ ስንደርስ ተረጋግቼ ነበር፤ ግን የጺማሙ ሰውዬ ክስ ከራሴ አልወጣ አለ። የድሮው ሞጁል እኩል የሆኑትን አይነካካም፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይቀራል። የእኛው ግን ራቅ ራቅ ያሉትን ስለሚያቀያይር እኩዮችን ያደበላልቃል። ይህን ለመሐንዲሱ ነገርኩት።

"እኩል ከሆኑ ምን ለውጥ አለው?" አለ።

"እንጃ። እናያለን።"

የዝላዩን ስህተት በዚያው ሳምንት አገኘነው። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ቁጥሩን አስገባን፤ ዛፎቹን አሰልፍ አልኩት። መሐንዲሱ ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ብርጭቆዎቹን ይዞ ሲመለስ ማሽኑ ጨርሶ ጠብቆታል። እኔ አላመንኩም። ሻዩን አስቀምጦ እሱም አላመነም። እንደገና አስነሣሁት፤ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ኃላፊያችንን ጠራናቸው፤ በፊታቸው ለሦስተኛ ጊዜ አሠራነው። "ናፍጣው ተረፈ ማለት ነው?" አሉ። ተረፈ አልናቸው። ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ከዚያ ግን ማመሳከር ነበረብን። ያለፈውን ዓመት ጥቂት ዛፎች በአዲሱ ሞጁል አሰለፍኩና በድሮው ከወጣው ጋር አስተያየሁት። ጠንካሮቹ ከላይ፣ ደካሞቹ ከታች፤ በሁለቱም ያው ነው። መሃል ላይ ግን፣ የምርጫው መስመር የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ብዙ ዛፎች አንድ ዓይነት ነጥብ ነበራቸው። ከእነሱ ማን ከመስመሩ በላይ፣ ማን በታች እንደሚሆን ሁለቱ ሞጁሎች አልተስማሙም።

የድሮው ከመስመሩ በታች የጣላቸውን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ከዲላ የራቁ ነበሩ፤ ከመኪና መንገድ ወጣ ብለው፣ ሽቅብ የሚወጡ መንደሮች። ምክንያቱም ነጥቡን ወደ ማሽኑ የማስገባው ባለሙያዎቹ በሚያመጡልኝ ቅደም ተከተል ነው፤ እነሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄዱት ቅርብ ቅርቡን ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይቀራል። እኩል ዛፍ ይዞ ከመንገድ ዳር የሚኖር ገበሬ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ከመንገድ የራቀው ሁልጊዜ ይወድቃል። ይህን ማንም አላዘዘም። ሞጁሉን የጻፈው ሰው ጌዴኦ የሚባል አገር መኖሩንም አያውቅ ይሆናል።

ለኃላፊያችን አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርገው አዳመጡኝ።

"እና ባለፈው ዓመት ማን ተሳሳተ?" አሉ።

"ማንም አልተሳሳተም። ማንም አልጠየቀም እንጂ።"

"ማንም የሚባል ሰው ሪፖርት ላይ አይጻፍም፣ ልጄ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "አዲሱ የእናንተስ ትክክል ነው?"

"አይደለም" አለ መሐንዲሱ። "የእኛው ደግሞ እንደ ዕጣ ነው። ለቅርቦቹ አያደላም፤ ግን ምክንያትም የለውም።"

"ታዲያ ለመስመሩ ምክንያት ከየት ይምጣ?"

 መልሱ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳልነበረ ሦስታችንም የገባን ያን ጊዜ ይመስለኛል። ኃላፊያችን መነጽራቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "እኩል የሆኑት ዛፎች ድጋሚ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል ብዬ እጽፋለሁ። ድጋሚ ምርመራ ዕቅድ ውስጥ አለ። ማን ተሳሳተ አይልም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የተረፈው ናፍጣ ለመኪናው ይሁን። ሩቆቹን ቀድማችሁ እዩ።"

እኚህን ሰው ፈሪ እያልን እናማቸው ነበር። ፈሪ መሆናቸው እውነት ነው። ያን ቀን ግን በፍርሃታቸው መሃል ቀጭን መንገድ ፈልገው አገኙልን፤ ደፋር ሰው ያን ያህል ይፈልግ እንደነበር አላውቅም።

ክረምቱ ገባ ሲል ወጣን። ሬኮ አካባቢ መኪናውን ትተን በእግር ጭቃውን ወጣን። ከወደቁት ዛፎች አንዱ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ጓሮዋ እንሰት በእንሰት ነው፤ በእንሰቱ መሃል ቡናው። ቁጥሩን ይዤ ዛፉን ብፈልግ የለም። መሐንዲሱ በጌዴኦኛ ጠየቃትና ተረጎመልኝ።

"ባለፈው ዓመት ዛፍሽ አላለፈም አሏት። የማይረባ መስሎት ልጇ ቆረጠው።"

 ዛፉ ከተመረጡት ጋር እኩል እንደነበር ልንገራት ወይስ አልንገራት? መሐንዲሱን አየሁት፤ እሱም መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ "ንገራት" አልኩት። ነገራት። ሴትዮዋ አዳመጠች፤ አላዘነችም፤ አልተቆጣችም፤ ቢያንስ ለእኛ አላሳየችም። እጄን ይዛ ወደ ጓሮው ጥግ ወሰደችኝና በእግሯ ቅጠል ገለጥ አደረገች። የተቆረጠው ጉቶ ዙሪያውን አቆጥቁጦ ጉልበቴ ደርሷል። ጥቂት ቃል ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ለፍሬ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። መጥታችሁ የምታዩት ከሆነ አጥር አበጅለታለሁ፤ የማትመጡ ከሆነ ግን ልጄን አልቆጣውም፣ ነው የምትለው።"

እንመጣለን አልናት። እኔም አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አጥሩን አበጅታለት ነበር።

ከዚያ ዓመት በኋላ ማሰለፊያውን አሻሻልነው። ከመስመሩ ላይ እኩል የሚሆኑ ዛፎችን ወደላይም ወደታችም ሳይገፋ ለብቻ አውጥቶ እንዲያሳየን አደረግን። ስለ እነሱ የሚወስነው ሰው ሆነ፤ ሄዶ፣ አይቶ። ኃላፊያችን ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቁን። "ሁለታችሁ ብትዛወሩ ይህን ቁጥር ማን ያነበዋል?" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ መጻፍ ጀመርን። ከሁሉ የከበደን ይህ ነበር። ማሽኑ ቁጥሩን ለጊዜው የሚይዝበትን ቦታ ምን እንበለው ብለን ሁለት ቀን ተከራከርን። መሐንዲሱ "ማኅደር" አለ፤ እኔ "ኪስ" አልኩ። ኪስ ረታ። ስንጽፈው ደግሞ ያላየናቸው ሁለት ስህተቶች ወጡ፤ ነገሩን በገዛ ቋንቋችን ሳንናገረው ያወቅነው መስሎን ኖረናል ማለት ነው።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ለጥቂት ወራት ተዘጋ። ስንመለስ ኮምፒዩተሩ አልነበረም። ማን እንደወሰደው አልታወቀም፤ ጄኔሬተሩንም አልተዉትም። ኃላፊያችን ባዶውን ጠረጴዛ በመሐረባቸው ጠራረጉ። መሐንዲሱ ወደ ኮቸሬ ወርዶ ሒሳብ አስተማሪ ሆነ፤ በኋላ አግብቶ ልጆች ወለደ። እናቴ ይህን ስትሰማ "እንኳን ከቁጥሩ ተፋታ" አለች። እኔ ሌላ ከተማ ሄጄ ሌሎች ማሽኖች ላይ ሠራሁ። በአዲሶቹ ማሽኖች ማሰለፊያው አብሮ ይመጣል፤ ዓይን ሳይጨፈን ይጨርሳል፤ ውስጡን ለማየት የሚያስገድድ የናፍጣ እጥረት የለም። ቢሆንም እኔ ገልጬ አየዋለሁ። ባልደረቦቼ ጊዜ ማባከን ነው ይሉኛል። ምናልባት ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ዲላ ሄጄ ከመሐንዲሱ ጋር ገበያ መሃል ተገናኘን። ጺሙ ሸብቷል። ልጆቹ ስንት ክፍል እንደደረሱ ነገረኝ፤ ስለ አባቴ ሞት አጽናናኝ። ዝናብ ሊጥል ነበርና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠግተን ሻይ አዘዝን፤ ዝናቡ ካቆመም፣ ሻያችን ከቀዘቀዘም በኋላ ስለ ኪሱና ስለ ዝላዩ እያወራን ብዙ ተቀመጥን።